የፎቶ ፊልም ስታሠሩ ዲስኩን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ

የአባቴን የዓመት አዝካራ ባደረግን ዕለት፣ በአዳራሹ ትልቅ ስክሪን ላይ የቤተሰባችን ፎቶዎች እየተፈራረቁ ይታዩ ነበር። አያቴ ጋ ሲደርስ እናቴ ብድግ አለችና "ይህ የማን ፊት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። የገዛ እናቷን አላወቀቻቸውም። ዓይናቸውና አፋቸው ተቀላቅሏል፤ ምስሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የነጠላቸው ጥለት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል።

አያቴ ኢየሩሳሌምን ሳያዩ ነው ያረፉት። ያለን ፎቷቸው አንድ ብቻ ነው፤ በ1990 እ.ኤ.አ. ቤተሰቡ ከጎንደር አዲስ አበባ ወርዶ ተራውን ሲጠብቅ የተነሡት፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀት።

ለፊልሙ 1,200 ሸቀል ከፍለናል። ለሠራው ሰው ስነግረው መጀመሪያ "ቴሌቪዥኑ ነው" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ 400 ሸቀል ከጨመርን ዲስኩን ወስዶ "ጥራቱን እንደሚያሻሽል" ነገረኝ። እናቶችና አባቶች፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከመጣባችሁ አትክፈሉ ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

እኔ ነርስ ነኝ፣ የፊልም ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም በሥራችን አንድ ነገር እናውቃለን፤ ደሙ ሲቀዳ ከተበላሸ፣ ላቦራቶሪው የፈለገውን ያህል ዘመናዊ ቢሆን ውጤቱ አይስተካከልም፤ እንደገና መቅዳት ነው። ስለዚህ የፎቶውን መንገድ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ተከተልኩት። ወንድሜ ፎቶውን ከነመስታወቱ በስልኩ አንሥቶ በዋትስአፕ ልኮታል። ዋትስአፕ ደግሞ ፎቶን ሲልክ ያሳንሰዋል። ፎቶ ቤቱ እናቴ ያላት አሮጌ የዲቪዲ ማጫወቻ ስለሆነ በዲቪዲ ሠራው። በመጨረሻ የአጎቴ ልጅ ለአዳራሹ እንዲመች ዲቪዲውን ወደ ኤምፒ4 ለውጦ፣ እሱንም በዋትስአፕ አስተላለፈው።

ቡና እንደማፍላት ነው። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፤ ዱቄቱ ያው፣ ውኃው ብቻ ይጨመራል። እኛ አዳራሽ ውስጥ ያየነው ከበረካም የቀጠነውን ነበር።

በዚህ አገር የሚሠራ ዲቪዲ አንድን ምስል በ720 በ576 ነጥብ ነው የሚይዘው። የዛሬው ተራ ስክሪን 1920 በ1080 ነጥብ አለው፤ አምስት እጥፍ ማለት ነው። የጎደለውን ማሽኑ እየለጠጠ ይሞላል። የማበጠሪያው ጥርስ ምክንያት ደግሞ ሌላ ነው። ዲቪዲ ብዙ ጊዜ ምስሉን በሁለት ግማሽ፣ አንድ መስመር እየዘለለ ያስቀምጣል፤ የሚለውጠው ሰው ግማሾቹን በትክክል ካላጋጠማቸው ይሰነጣጠቃሉ። ፊቶች ወደ ጎን ሰፍተው ካያችሁ ግን ጥፋቱ የመጠን ነው፤ 4 ለ3 የሆነው ምስል ወደ 16 ለ9 ተጎትቷል። ይህ በቀላሉ ይስተካከላል።

ጥፋቱ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ልጆቻችሁን ይህን ጠይቋቸው፤ ፊልሙን አንድ ፎቶ ላይ አቁመው፣ ዋናውን ፎቶ በዚያው ስክሪን ላይ ይክፈቱት። ዋናው ጥርት ብሎ ፊልሙ ከደበዘዘ፣ ፊልሙ ከመነሻው እንደገና ይውጣ። ሁለቱም ከደበዘዙ ፎቶው እንደገና ይነሣ። ቆሞ ጥሩ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ብቻ ከተበጣጠሰ፣ ፋይሉ ከልክ በላይ ተጨምቋል።

ታዲያ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ አስፈርሙ። ፎቶው ከመስታወቱ ወጥቶ በስካነር በ600 ዲፒአይ ይነሣ (መስታወቱ ላይ ከተጣበቀ ግን በጉልበት አትላጡት)። ፊልሙ 1920 በ1080 ሆኖ፣ ከዲስክ ሳይሆን ከተሠራበት ፕሮግራም በቀጥታ ይውጣ። የተነሡት ፎቶዎችም ሆኑ ፊልሙ በዲስክ ኦን ኪ ይሰጣችሁ። ለእናት የሚሆነው ዲቪዲ ለብቻው ይሠራ፤ እሱ ቅጂ ነው፣ ዋና አይደለም። በዋትስአፕ መላክ ግድ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ሰነድ ይላክ፤ ያኔ አያሳንሰውም። ደረሰኙን አትጣሉ። የ1981 የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ነጋዴ ሸማቹን በዋና ነገር ላይ እንዳያሳስት ይከለክላል፤ "ጥርት ያለ ፊልም" ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ በጽሑፉ ይጠየቃል። ለሠርግና ለባር ሚጽዋ ፎቶ አንሺ የምትቀጥሩም ይህን እወቁ፤ በ2007ቱ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ለቤተሰብ ዝግጅት አዝዛችሁ ያስነሣችሁት ፎቶ መብቱ፣ ሌላ ውል ካልፈረማችሁ በቀር፣ የእናንተ ነው። ስለዚህ ሳታነቡ አትፈርሙ።

አሁን ፊትን በኮምፒውተር "የሚያድስ" ነገርም መጥቷል። እኔም ሞከርኩት። ቆዳው ለስልሶ፣ ዓይኑ በርቶ ወጣ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችውና "ቆንጆ ሴት ናት፤ እናቴ ግን አይደለችም" አለች። ማሽኑ ያላየውን ከራሱ ነው የሚሞላው።

በመጨረሻ ወረቀቱን ከመስታወቱ አውጥተን በስካነር አስነሣነው፤ ፊልሙም ከመነሻው እንደገና ተሠራ። እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ስታይ አያቴ ጋ ሲደርስ "አቁሚው" አለችኝ። ከቅንድባቸው በላይ ትንሽ ጠባሳ አለ፤ እኔ አይቼው አላውቅም ነበር። እንጨት ሲሰብሩ ስንጥር የመታቸው ነው አለችና፣ የዚያን ቀን ታሪክ ጀመረችልኝ።