በ10 ዶላር የተከፈተ በር፦ ጌሞች ገበያ ላይ ሳይወጡ ለምን ይሰረቃሉ?

ላፕቶፑን ፖሊስ ወስዶበታል። በዋስ ተለቆ በእንግሊዝ ቢስተር በምትባል ከተማ አንድ ርካሽ ሆቴል ውስጥ በፖሊስ ጥበቃ ተቀምጧል። ዕድሜው 17 ነው። በእጁ የነበረው የሆቴሉ ቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው የአማዞን ፋየር ስቲክ፣ ኪቦርድ፣ ማውስ እና አንድ ሞባይል ስልክ ብቻ ነው። በእነዚህ ዕቃዎች ሮክስታር ጌምስ ውስጥ ገባ። ገና በመሠራት ላይ ከነበረው ጂቲኤ 6 ወደ 90 የሚሆኑ ቪዲዮዎችን ወስዶ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2022 ኢንተርኔት ላይ በተናቸው። ይባስ ብሎ ሠራተኞቹ እርስ በርስ በሚጻጻፉበት ስላክ ላይ ገባና በ24 ሰዓት ውስጥ በቴሌግራም ካላናገራችሁኝ ሶርስ ኮዱን መልቀቅ እጀምራለሁ ብሎ አስጠነቀቀ። አዎ፣ በዚሁ በምናውቀው ቴሌግራም።

ሮክስታር ከጥቃቱ ለማገገም 5 ሚሊዮን ዶላር እና በሺዎች የሚቆጠር የሠራተኛ ሰዓት እንደወሰደበት ለለንደኑ ፍርድ ቤት ተናግሯል። ልጁ ኦቲዝም ያለበት በመሆኑ እና ለፍርድ መቆም አይችልም በመባሉ የዳኞቹ ሥራ ድርጊቱን ፈጽሟል ወይስ አልፈጸመም የሚለውን መወሰን ብቻ ነበር። ፈጽሟል አሉ። በዲሴምበር 2023 ላልተወሰነ ጊዜ ጥብቅ ጥበቃ ባለው ሆስፒታል እንዲቆይ ተወሰነበት።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚለው «እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው!» ነው። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ የተገባበት ቤት ነው። ጂቲኤ 5ን ከ200 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የሸጠ ኩባንያ፣ ዓለም በጉጉት የሚጠብቀውን ሥራውን ከሆቴል ቴሌቪዥን ሊደረስበት በሚችል ቦታ አስቀምጦታል። ከዚያ ወዲህ በጌም ኢንዱስትሪው ውስጥ «ሊክን እንከላከል» ሲባል ጣት የሚጠቆመው ወደ ሠራተኛው ነው፤ የምሥጢር ውል ይጥበቅ፣ ከቢሮ ውጪ አይሠራ፣ አፍ ይዘጋ። ባለፉት ዓመታት የደረሱትን ትልልቅ ስርቆቶች አንድ በአንድ ስናይ ግን ሌባው የገባው በሌላ በኩል ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረውን ልንገራችሁ። በየሰፈሩ ባሉ ፕሌይ ስቴሽን ቤቶች ልጆች ተሰልፈው የሚጫወቱትን ፊፋ ይሠራ የነበረው ኢኤ ነው። በ2021 የፊፋ 21 ሶርስ ኮድ እና ፍሮስትባይት የሚባለው የጌም ሞተር ኮድ ተሰረቀበት። የተወሰደው መጠን 780 ጊጋባይት ነው። ሃከሮቹ ራሳቸው ለማዘርቦርድ ጋዜጠኛ እንደተናገሩት ነገሩ የተጀመረው በ10 ዶላር ነው። በኢንተርኔት ጥቁር ገበያ የአንድ ሠራተኛን የተሰረቀ ኩኪ ገዙ። ኩኪ ማለት ብሮውዘራችሁ «ይህ ሰው ቀድሞ ገብቷል፣ ፓስወርድ አትጠይቀው» ብሎ የሚይዘው ማስታወሻ ነው። በዚያ ስላክ ውስጥ ገቡ። ከዚያም ለአይቲ ድጋፍ ክፍሉ ጻፉ፦ ትናንት ማታ ፓርቲ ላይ ስልኬ ጠፋብኝ፣ የመግቢያ ኮድ ስጡኝ። ተሰጣቸው። በቃ።

እዚህ ውስጥ ምን ረቂቅ ነገር አለ? ከአንድ ጨዋ የአይቲ ሠራተኛ በጎ ፈቃድ በስተቀር ምንም። ያ ሠራተኛ ደግሞ ጥፋተኛ አይመስለኝም። በቀን ስንት ሰው ፓስወርዴን ረሳሁ እያለ የሚጽፍለት፣ ቶሎ ካልመለሰ የሚወቀስ ሰው ነው። ጥፋቱ በጽሑፍ መልእክት ብቻ ቁልፍ ማስረከብን የፈቀደው አሠራር ነው። ስልኬ ጠፋ ያለውን ሰው በቪዲዮ ማየት ወይም የቅርብ አለቃውን በታወቀ ስልክ ደውሎ መጠየቅ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። የሚያስከፍለው ትዕግሥት ብቻ ነው።

የሮክስታሩ ልጅ አባል የነበረበት ላፕሰስ የተባለው ቡድን በአብዛኛው የሚሠራውም እንዲህ ነበር። የሠራተኛን ሲም ካርድ ቁጥር ወደ ራሳቸው ስልክ ያዞራሉ፤ ለውስጥ ሰው ገንዘብ እንሰጣለን ብለው በአደባባይ ያስተዋውቃሉ፤ «እየገባህ ያለኸው አንተ ነህ?» የሚለውን ማረጋገጫ ሰውየው ሰልችቶት «አዎ» እስኪል ድረስ ደጋግመው ይልካሉ። የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደኅንነት ገምጋሚ ቦርድ ይህንኑ ቡድን መርምሮ በኦገስት 2023 ባወጣው ሪፖርት ኩባንያዎች በኤስኤምኤስ እና በስልክ ጥሪ ከሚላክ ማረጋገጫ እንዲወጡ መክሯል። በምትኩ የሚሠራው ቁልፍ መያዣ ላይ እንደሚንጠለጠል ትንሽ ፍላሽ ያለ ነገር ነው፤ ኮምፒውተር ላይ ሰክተው በጣት ይነኩታል። የድረ ገጹን ትክክለኛነት ራሱ ስለሚያረጋግጥ አስመስሎ በተሠራ ገጽ አይታለልም፤ ሌላ አገር የተቀመጠ ሌባም በጣቱ ሊነካው አይችልም። ኩኪው ከተሰረቀ ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ነው አንዴ የገባ ሰው ለሳምንታት እንደገባ የሚቆይበት አሠራር መቅረት ያለበት፤ ኩኪውም ከባለቤቱ ኮምፒውተር ውጪ እንዳይሠራ መደረግ አለበት።

ሌላው መጠን ነው። 780 ጊጋባይት ከአንድ ቤት ሲወጣ እንዴት ማንም ቀና ብሎ አያይም? ግቢያችን ውስጥ ሮቶ ቢያፈስ ጎረቤት በሩን ያንኳኳል። በትልልቅ የጌም ስቱዲዮዎች ፋይል በብዛት መንቀሳቀሱ የዕለት ተዕለት ሥራ ስለሆነ መለየቱ ይከብዳል ይባላል። እውነት ነው፣ ይከብዳል። ግን ዛፍ እና ድንጋይ የሚስል አርቲስት ሙሉውን የጌም ኮድ ማውረድ የሚያስችል ፈቃድ ለምን ይኖረዋል? እያንዳንዱ ሰው የሚሠራበትን ክፍል ብቻ የሚከፍት ቁልፍ ቢይዝ አንድ ቁልፍ ሲሰረቅ አንድ ክፍል ነው የሚጠፋው።

«ሊክ ሲሆን የሚጎዳው ማን ነው? ኩባንያው እንደሆነ ሀብታም ነው» የሚሉ ወጣቶች ብዙ ናቸው። ሽያጩን ካየን ክርክራቸው አቅም አለው። ዘ ላስት ኦፍ አስ ክፍል 2 በኤፕሪል 2020 ዋና ዋና የታሪኩ ምሥጢሮች ሾልከው ወጡ፤ በጁን ሲወጣ ግን በሦስት ቀን 4 ሚሊዮን ተሸጠ። በ2023 የወጣው ቲርስ ኦፍ ዘ ኪንግደም የተባለው የዜልዳ ጌም ከመውጫ ቀኑ በፊት ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ በሕገወጥ መንገድ መውረዱን ኒንቴንዶ በክሱ ላይ ጠቅሷል። በሕጋዊ መንገድ ደግሞ በሦስት ቀን 10 ሚሊዮን ሸጠ። በ2003 ኮዱ የተሰረቀው ሀፍ ላይፍ 2 እንኳን በቀጣዩ ዓመት ወጥቶ በሚሊዮኖች ተሸጧል።

ይሁን እንጂ ሽያጭ ትክክለኛው ሚዛን አይደለም። በዲሴምበር 2023 ራይሲዳ የተባለ ቡድን የስፓይደር ማን ጌሞችን የሠራው ኢንሶምኒያክ ውስጥ ገብቶ 50 ቢትኮይን ጠየቀ፤ በወቅቱ ዋጋ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ኩባንያው አልከፈለም። ከዚያ 1.67 ቴራባይት፣ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ፋይል ተለቀቀ። ዓለም የተራኮተው ስለ ወልቨሪን ጌም ነው። እዚያው ክምር ውስጥ ግን የሠራተኞች ፓስፖርት ቅጂ እና የሰው ሀብት ክፍል ሰነዶች ነበሩ። ኩባንያው ራሱ የአሁንም የቀድሞም ሠራተኞች እንዲሁም በኮንትራት የሠሩ ሰዎች የግል መረጃ እንደተነካ አምኗል። በቀጣዩ ዓመት ፖኬሞንን የሚሠራው ጌም ፍሪክ ሲዘረፍ 2,606 የሠራተኞችና የተባባሪዎች መረጃ ወጥቷል። ጌሙ ከወጣ በኋላ ምሥጢሩ ዋጋ ያጣል። ፓስፖርታችሁ ግን እስኪታደስ ድረስ ያው ፓስፖርት ነው፤ ስማችሁና የትውልድ ቀናችሁ ደግሞ አይታደሱም። ለአንድ ቀን ማረጋገጫ የተጠየቀ የፓስፖርት ቅጂ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላም ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀመጥበት ምክንያት አይታየኝም። የሌለ ፋይል አይሰረቅም።

እኛ አገር ይህን ክርክር በሌላ መልኩ እናውቀዋለን። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲለቀቅ ፈተናው ተሰርዞ ሌላ ቀን ተቆረጠለት። በዓመቱ ፈተና ሲመጣ ኢንተርኔት ተዘጋ። ወረቀቱ የሾለከበት ቦታ አንድ ቦታ ሆኖ ሳለ ነጋዴው፣ ባንኩ፣ ጋዜጠኛው ሁሉ አብሮ ተቀጣ። በጥቅምት 2015 ደግሞ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው በዚያ እንዲፈተኑ ተደረገ። ይህኛው ውድ ነበር፤ ለተማሪውም ለወላጁም ቀላል አልነበረም። ቢያንስ ግን ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት እስከ ተማሪው ጠረጴዛ የሚያልፍባቸውን እጆች የቀነሰ እርምጃ ነው። የጌም ኩባንያዎች እስካሁን የሚያዘወትሩት የመጀመሪያውን ዓይነት ነው፤ ሁሉንም መቅጣት።

ለምሳሌ ሮክስታር ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ሠራተኞቹ በሳምንት አምስት ቀን ቢሮ እንዲገኙ አዘዘ። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ደኅንነት ነው። ከቤት የሚገናኝ ኮምፒውተር ሲቀንስ የመግቢያ በሮች ይቀንሳሉ፤ ይህን አልክድም። ግን ሆቴል ተቀምጦ የገባው ልጅ የማንንም ቤት አላንኳኳም፣ ቢሮውም ደጃፍ አልደረሰም። በ2025 ኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ ኩባንያው በእንግሊዝ እና በካናዳ ከ30 በላይ ሠራተኞችን አባረረ። ኩባንያው ምሥጢራዊ መረጃ አውጥተዋል አለ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ የተባረሩት በማኅበር ስለተደራጁ ነው አለ። ማን እውነተኛ እንደሆነ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። «ሊክ» የሚለው ቃል ግን ሲለጠጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ይህ ጉዳይ ለኔ የሙያ ጉዳይ ነው። በ2018 የሮክስታር መሥራች ስለ ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2 ሥራ ሲያወራ በሳምንት 100 ሰዓት የተሠራባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ተናገረ፤ በኋላ ጥቂት ከፍተኛ ጸሐፊዎችን ማለቴ ነው አለ። የቀሩት ሠራተኞች እንዴት እንደሚሠሩ ዓለም ያወቀው ሠራተኞቹ ስማቸውን ደብቀው ለጋዜጠኞች ስለነገሩ ነው። ያ ሰው የፈረመው ውል ላይ ብቻ ከተመዘነ «አሾላኪ» ነው። የጓደኛውን ፓስፖርት ቅጂ ከሚሸጥ ሌባ ጋር በአንድ ከረጢት ሲታሰር ግን የሚጠቀመው ኩባንያው ብቻ ነው። ስቱዲዮዎች በውሎቻቸው ላይ ስለ ሥራ ሁኔታ መናገርን ከምሥጢር ውጪ አድርገው በግልጽ ቢጽፉ የሚያጡት ነገር አይታየኝም። ሠራተኛው ኩባንያውን ካመነ አጠራጣሪ መልእክት ሲደርሰው ቶሎ ያሳውቃል። ስህተት ከሠራ ያባርሩኛል ብሎ የሚፈራ ግን የተጫነውን «አዎ» ይደብቃል፤ ሌባውም በዚያ መሃል ጊዜ ያገኛል።

ስለ ዲስክ ትንሽ ልበል፤ የጥንቱ ሊክ በዚያ መንገድ ነበር። በ2016 አንቻርትድ 4 ገና ሳይወጣ በእንግሊዝ በጉዞ ላይ ሳለ ቅጂዎቹ እንደተሰረቁ ሶኒ አረጋግጦ ነበር። አሁን ጌሙን ቀድሞ በተቆለፈ ፋይል አውርዶ ቁልፉን በመውጫው ሰዓት መልቀቅ ይቻላል፤ ይህም በደንብ ይሠራል። የተረሳው ሰው ኢንተርኔት ውድና ደካማ በሆነበት አገር የሚኖረው ተጫዋች ነው። ዲስኩን ገዝቶ ግማሹን ጌም ማውረድ ሲኖርበት የስርቆት መከላከያውን ዋጋ እሱ ነው የሚከፍለው።

ጂቲኤ 6 ከተደጋጋሚ መዘግየት በኋላ ለህዳር 10 ቀን 2019 ዓ.ም. ተቀጥሯል። እስከዚያ ድረስ አንድ ሰው በዚህ ስልካችሁ ላይ «ሾልኮ የወጣ» የሚል ነገር መላኩ አይቀርም። የጌም ቪዲዮ ከሆነ ማየት አለማየቱን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ የሰዎች ሰነድ ካለበት ግን ለሌላ አትላኩት። ሮክስታር ቃለ መጠይቅ ቢፈቅድልኝ ደግሞ ስለ ጌሙ ታሪክ አንድም ነገር አልጠይቅም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ዛሬ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ሰው «ስልኬ ጠፋብኝ፣ መግቢያ ኮድ ላኩልኝ» ብሎ ቢጽፍላችሁ የሚመልስለት ማን ነው? ምንስ ብሎ ይመልስለታል?