ሳይደክመን የምንወስነው ውሳኔ

ዛሬ የማወራችሁ ገና ስላልተጀመረ ጉዞ ነው። እኔ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬና የአክስቴ ልጅ በሩዋንዳ፣ በኪቩ ሐይቅ ዳር፣ ለአምስት ቀናት በተራራ ብስክሌት ለመጓዝ እያቀድን ነው። በአማርኛ “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” የሚል ተረት አለ። በጥድፊያ የታሰረ መቀነት ብዙ አይቆይም ማለት ነው። እኛም መቀነታችንን አሁን፣ ቁጭ ብለን እየታጠቅን ነው።

መንገዱ “ኮንጎ ናይል ትሬይል” ይባላል። በሰሜን ከሩባቩ ተነስቶ በካሮንጊ በኩል አልፎ በደቡብ ሩሲዚ ይደርሳል። ርዝመቱ 227 ኪሎ ሜትር ነው። ስሙን ያገኘው ከምሥራቁ በኩል ካለው የተራራ ሰንሰለት ነው። ከሰንሰለቱ በስተምዕራብ የሚዘንበው ዝናብ ወደ ኪቩ ሐይቅ፣ ከዚያም በሩሲዚ ወንዝ ወደ ታንጋኒካ፣ በመጨረሻም ወደ ኮንጎ ወንዝ ይሄዳል። በስተምሥራቅ የሚዘንበው ግን ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያ ነጭ ዓባይ ሆኖ ካርቱም ላይ ከእኛው ዓባይ ጋር ይገናኛል።

አሁን ወደ ካርታው እንምጣ። የኪቩ ሐይቅ ከጫፍ እስከ ጫፍ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ የዳርቻው መንገድ እንዴት 227 ሆነ? ዳርቻው ቀጥ ያለ ስላልሆነ ነው። ውሃው እንደ ጣት ወደ መሬቱ ይገባል። መንገዱ እያንዳንዱን ጣት ይዞራል፣ ኮረብታውን ይወጣል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ “የሐይቅ ዳር” ሲባል ሜዳ እንዳይመስላችሁ። ቀኑን ሙሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዳገት የምንወጣው ነው፤ ቁልቁለት የምንወርደው።

227ን ለአምስት ስናካፍል በቀን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሰናል። አስፋልት ላይ ቢሆን ለምሳ እንደርስ ነበር። ጓዝ ጭኖ፣ አፈርና ድንጋይ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ከእኛ ያነሰ ልምድ ስላላት፣ “ወደ ኋላ ቀርቼ ባስቸግራችሁስ?” ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነው። “አይዞሽ፣ ምንም አይደል” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፤ ግን መልስ አይሆንም። ስለዚህ ለካን። በምንኖርበት አካባቢ ሙሉ ጓዛችንን ጭነን፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ኮረብታማ የጫካ መንገድ ላይ ነዳን። በሁለተኛው ቀን የእሷ ፍጥነት በአማካይ በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የቡድናችን ፍጥነት 8 ነው። ዕቅዱ የተሠራው በእሷ ፍጥነት ስለሆነ፣ እሷ ወደ ኋላ ልትቀር አትችልም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሩዋንዳ ከምድር ወገብ አጠገብ ስለሆነች፣ ዓመቱን ሙሉ የቀን ብርሃን 12 ሰዓት ያህል ነው። እዚህ ላይ የወላጆቻችን የሰዓት አቆጣጠር በጣም ይመቻል። ፀሐይ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እንነሳለን። 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት 8 እየነዳን ስድስት ሰዓት የማይሞላ ጊዜ ይወስዳል። ለምሳ፣ ለውሃና ለእረፍት ሁለት ሰዓት እንጨምራለን። ስለዚህ ከ9 ሰዓት በፊት ማደሪያችን እንደርሳለን፤ ከመጨለሙ በፊት ሦስት ሰዓት ይተርፈናል ማለት ነው። ይህ ትርፍ ለተበሳ ጎማ፣ ለዝናብና ለተሳሳተ መታጠፊያ ነው። ለሌላ ነገር አናጠፋውም።

ቀጥሎ መውጫ ያስፈልጋል። እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። አዲስ ነገር ለተጠቃሚ ከመልቀቃችን በፊት፣ “ካልሠራ ወደ ቀድሞው እንዴት እንመለሳለን?” ብለን እንጠይቃለን። እዚህም ጥያቄው ያው ነው። ሩባቩን፣ ካሮንጊንና ሩሲዚን የሚያገናኝ የአስፋልት መንገድ አለ። በየቀኑ ከአፈሩ መንገድ ወደ አስፋልቱ የሚያወጣውን ቅርብ መንገድ ካርታ ላይ ምልክት አድርገናል። ሕጋችን አጭር ነው፦ ቀትር ላይ፣ ማለትም 6 ሰዓት ሲሆን፣ የዕለቱን ግማሽ ካልጨረስን ወደ አስፋልቱ ወጥተን መኪና እንይዛለን። አንድ ሰው ብቻ “በቃኝ” ቢልም እንዲሁ። ድምፅ አንሰጥም፣ አንከራከርም። ደክሞት ዳገት ላይ የቆመ ሰው ጓደኞቹን ላለማሳፈር ሲል “እችላለሁ” ይላል። ስለዚህ ውሳኔውን ሳይደክመን፣ ቤታችን ሆነን ወስነነዋል።

ጊዜውንም መርጠናል። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ጥቅምትና ኅዳር አካባቢም ይዘንባል። ሲዘንብ አፈሩ ጎማው ላይ ይለጠፋል፣ ብስክሌቱም አልንቀሳቀስ ይላል። ደረቅ ስለሆነ ሐምሌን መርጠናል። ከዕቃ ደግሞ ትርፍ ከመነዳሪ፣ መንፊያ፣ የካቴና ማያያዣና የፍሬን ሸራ እንይዛለን። ቁልቁለት የፍሬን ሸራ ይበላል፤ በገጠር ሱቅ ለእኛ ብስክሌት የሚሆን ላይገኝ ይችላል። ለእያንዳንዳችን ሦስት ሊትር ውሃና አንድ የውሃ ማጣሪያ አለን። ዕቃችንን በፌስታል አንጠቀልልም፤ ሩዋንዳ የፕላስቲክ ከረጢት የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ስንቅም አለ። ስንቅ ማለት ለመንገድ የሚያዝ ምግብ ነው። እናቴ በሶ አዘጋጅታልኛለች፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ አይበላሽም፣ በውሃ በጥብጦ መጠጣት ይቻላል።

አሁን ከባዱ ጉዳይ። የሐይቁ ምዕራባዊ ዳር ኮንጎ ነው። ሩባቩ ከጎማ ከተማ ጋር፣ ሩሲዚ ደግሞ ከቡካቩ ጋር ድንበር ላይ ይገናኛሉ። የኤም 23 ታጣቂዎች እ.ኤ.አ. በ2025 ጥር ወር ጎማን፣ በየካቲት ደግሞ ቡካቩን ያዙ። የመንገዳችን ሁለቱም ጫፎች ጦርነት ከነካቸው ከተሞች አጠገብ ናቸው ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዞው አንድ ወር በፊት፣ አንድ ሳምንት በፊት፣ በመጨረሻም በዋዜማው የምንኖርበት አገር መንግሥት ለተጓዦች የሚያወጣውን ምክር እናያለን። ወደ አንዱ ጫፍ “አትሂዱ” ካለ፣ እዚያ አንሄድም። ብዙ የጉዞ ኢንሹራንሶችም ይህን ምክር ጥሶ ለሄደ ሰው አይከፍሉም። የአውሮፕላን ትኬት ገንዘብ ሊቃጠል ይችላል። ይቃጠል። ሐይቁ የትም አይሄድም።

ወጣት አንባቢዎች፣ ስለ ወላጆቻችሁም አንድ ነገር ልበል። “ጦርነት አጠገብ በብስክሌት?” ብለው ቢጨነቁ አትቆጡ። ዜናውን እነሱም ይሰማሉ፤ ብዙዎቹም ጦርነትን ከዜና ብቻ አይደለም የሚያውቁት። “አታስቡ” ከምትሏቸው ወረቀቱን አሳዩአቸው፦ የት እንደምታድሩ፣ በስንት ሰዓት እንደምትደርሱ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትወጡ፣ መቼ እንደምትሰርዙ። እኛ በየቀኑ ማደሪያችን ስንደርስ አጭር መልእክት እንልካለን። እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መልእክት ካልደረሰ፣ ቤተሰቦቻችን በመጀመሪያ የዕለቱ ማደሪያ ጋ ይደውላሉ። ስልኩ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

እናንተም ጉዞ ካሰባችሁ፣ ሩቅም ይሁን ቅርብ፣ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት ወረቀት አውጡና ሦስት ጥያቄ ጻፉ። ከመካከላችን ቀስ ብሎ የሚሄደው ማን ነው? በየቀኑ መውጫችን የት ነው? ምን ከሆነ እንቀራለን? ለሦስቱም መልስ ካገኛችሁ መቀነታችሁ ጠብቋል። ሳምንት ሰው ይበለን።