ልጆቻችን የአያቶቻቸውን አገር ያውቁታልን?

 

አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ብዙ ልጆቻችን ደጎሎን የሚያውቋት በስልክ ነው። ለዒድ ተደውሎ «አያትህን ሰላም በል» ሲባሉ ሁለት ቃል ተናግረው ስልኩን ለአባታቸው ይመልሳሉ። ያላዩትን ፊትና ያልረገጡትን ደጅ እንዴት ይናፍቁ? ዝምድናን መቀጠል ዲናችን አጥብቆ ያዘዘው ጉዳይ ነው። በስልክ ዝምድናን መጠበቅ ይቻል ይሆናል፤ መጀመር ግን አይቻልም። ስለዚህ በዚህ ወር፣ ቤተሰብ በአንድ መኪና ሆኖ ወደ ጃማ ስለሚያደርገው ጉዞ እንወያያለን።

መንገዱ ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥተን ሙከጡሪ ላይ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ለሚን እናገኛለን። ከዚያ መሬቱ ድንገት ይከፈትና ከ1,000 ሜትር በላይ ወደ ጀማ ወንዝ እንወርዳለን። በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ልጆች ጃኬታቸውን ሲያወልቁ ደጋና ቆላ ምን እንደሆነ በገላቸው ይማራሉ። በገደሉ አፋፍ ሣር የሚግጠው ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በየትም ዓለም በዱር አይኖርም። ከዓለም ከተማ በኋላ ደግሞ የወንጪት ሸለቆ ይጠብቀናል። እርሱን ወጥተን ስንጨርስ የጃማ ሜዳ፣ ስንዴው፣ ጤፉና ምስሩ፣ ከዚያም ደጎሎ! መንገዱን ወደ ደሴ ለሚቀጥል፣ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦር እንዲሰባሰብባት የታዘዘችው ወረኢሉ ከፊት አለች።

በአውስትራሊያ ሰሜናዊ በረሃ ቤተሰቦች የመኝታ ተጎታች ከመኪናቸው ኋላ አስረው ለሳምንታት ይጓዛሉ። በዚያች አገር በረሃ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጭነት በግመል ያመላለሱት ከአፍጋኒስታንና ከሕንድ የሄዱ ሙስሊሞች እንደነበሩ፣ በአደሌይድ ከተማም መስጊድ እንዳቆሙ ልጆቻችን ቢያውቁ መልካም ነው። እኛ ግን ተጎታች አያስፈልገንም፤ የዘመድ ቤት አለንና።

ለመንገዱ ግን እንዘጋጅ። ፍሬን፣ የራዲያተር ውሃ፣ ስኮርታ ጎማና ክሪክ ቀድመው ይታዩ። ቁልቁለቱን በአነስተኛ ማርሽ እንጂ ፍሬን ይዞ መውረድ አደጋ ነው፤ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ይላል። የመጠጥና የውዱእ ውሃ ለየብቻ ይያዝ። ክረምት የጃማን ዋልካ አፈር ወደ ማጥ ስለሚለውጠው ከዋናው መንገድ የሚወጣ ሰው በጋውን ይምረጥ። መንገደኛ ባለ አራት ረከዓዎቹን ሶላቶች ሁለት አድርጎ ይሰግዳል፤ ሱብሒና መግሪብ እንዳሉ ናቸው። ሁለት ሶላት አጣምሮ ስለመስገድ በየመዝሀባችሁ ዑለሞችን ጠይቁ። ልጆችም ይህን በሜዳ ላይ ሲያዩት አይረሱትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የስንቱ ቤተሰብ ጉዞ ቀርቷል። «እናቴ ሳታያቸው ብትሞትስ?» የሚል አባት ጭንቀት ይገባናል። ሆኖም ናፍቆት ልጅን ለአደጋ ለማጋለጥ ምክንያት አይሆንም። ከመነሣታችን በፊት በዚያው ሳምንት የተመላለሱ ሹፌሮችንና በስፍራው ያሉ ዘመዶችን እንጠይቅ። ከሱብሒ በኋላ ተነሥተን ቀን በቀን እንድረስ። «አትምጡ» ካሉን እንታዘዝ፤ አያት የልጅ ልጇን ከማየት ደኅንነቱን ታስቀድማለችና።

እስከዚያው ግን ዝም ብለን አንጠብቅ። የአያቶቻቸውን ስም እስከ ሰባት ቤት እናስቆጥራቸው፤ መንገዱን በወረቀት እናስነድፋቸው፤ በስልክም ከ«ሰላም ነው?» ያለፈ ጥያቄ እናስጠናቸው። አያታቸው በልጅነቷ ውሃ ከየት ትቀዳ እንደነበር ቢጠይቋት ወሬው ሳይነጥፍ ይመሻል። መንገዱ የተከፈተ ቀን፣ ኢንሻአላህ፣ ወደ ማያውቁት አገር ሳይሆን ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አላህ መንገዱን ሰላም ያድርግልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።