ኪኒኑን በአንዴ አታስጥሉን

ጆሮ ቀልቶ ሲያብጥ «ኢንፌክሽን ነው» ቢባል አይገርምም። ላይኛው ክፍል በርበሬ መስሎ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበት ሥጋማው ጫፍ ደህና ከሆነ ግን ሐኪም ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ጫፉ የሚተርፈው ልም አጥንት ስለሌለው ነው። ሽሮ ሜዳ ጥልፍ የምጠልፈው እኔ ይህን ያወቅሁት አንቲባዮቲክ በላይ በላዩ ከዋጥኩ፣ ዓይኔም ደም ከለበሰ በኋላ ነው። ጆሮዬን አንዱ ክሊኒክ፣ ዓይኔን ሌላው ያያል፤ ሁለቱን ያገናኘልኝ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነው።

ስሙ ሪላፕሲንግ ፖሊኮንድራይትስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ልም አጥንት የሚያጠቃበት፣ ሄድ መለስ የሚል በሽታ ነው። ያክሽ ቫርተንሆርስት የተባለ ሐኪም በ1923 እ.ኤ.አ. ጽፎበታል፤ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1960 ነው። የአፍንጫን ድልድይ ያሰምጣል፤ ወደ አየር ቧንቧ ከወረደ ድምፅ ይጎረንናል፣ ትንፋሽ ያጥራል። ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሐኪም በዕድሜው አንድም ሰው ላያጋጥመው ይችላል፤ በዚህ አልፈርድም።

የምጣላው ከመድኃኒቱ አያያዛችን ጋር ነው። ዋናው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው፤ ብርቅም ውድም አይደለም፤ ሰው የሚንቀውም ለዚህ ይመስለኛል። እርግጥ ፊት ያሳብጣል፣ ስኳር ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ዓይን ላይ ሞራ ያመጣል። ተኝቶ የቆየ ቲቢም ሊቀሰቅስ ስለሚችል ሐኪሜ ሳያስጀምረኝ ደረቴን ራጅ አስነስቶኛል። ጎረቤቴ ፊቴ ድቡልቡል ሲል አይታ «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ተይው፣ ይገድልሻል» አለችኝ። በአንዴ ብተወው ነው የሚገድለኝ! ለሳምንታት ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ የራሱን ሆርሞን ማመንጨት ያቆማል። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር ያዝላል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። መጠኑን ቀስ በቀስ የሚቀንሰው ሐኪም ነው።

ስቴሮይዱን ለመቀነስ የታዘዘልኝ ሜቶትሬክሴትም የራሱ አደጋ አለው። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ የወሰደው ሰው መቅኒው ደም ማምረት ሊያቆም ይችላል። አንድ ፋርማሲ ፖስታው ላይ «በቀን አንድ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ልጄ ከማዘዣው ጋር አስተያይታ አስመለሰችው። ማንበብ የሚችል ልጅ የሌለውስ?

እንጦጦ ማርያም ከቤቴ በላይ ናት፤ ወጥቼ እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔ ግን ከቦርሳዬ አይለይም። የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ስቴሮይድ ለሚወስደውም ያው ቃል ከዐውደ ምሕረት ቢነገርለት የሚተርፍ ሰው አለ።

ከጤና ሚኒስቴር የምጠይቀው ካርድ ነው። እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ በሽተኛ የስቴሮይድ ካርድ ይዞ ይዞራል። የእኛው በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ይታተም፤ የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ «በድንገት አይቋረጥም» የሚል ቃል፣ ሲያስመልሰኝ ወይም ራሴን ስስት የት እንደምወሰድና ምን መርፌ እንደሚያስፈልገኝ ይጻፍበት። ፋርማሲውም ካርዱን ሳያይ አይስጠኝ።