ከመጣል መክፈት ይቅደም

የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክቡበት ወራት በቀረበ ቁጥር በግቢያችን አንድ ልቅሶ ይሰማል። ልቅሶውም «ኮምፒዩተሬ ተቃጠለ» የሚል ነው። ዘንድሮም ከመኝታ ክፍል ጓደኞቻችን አንዱ አራተኛውን ምዕራፍ በመጻፍ ላይ ሳለ፣ ያገለገለ ገዝቶ ሦስት ዓመት የሠራበት ላፕቶፕ እንደ ምጣድ ግሎ፣ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኾ፣ ድርግም ብሎ ጠፋ። ወደ አንድ ጠጋኝ ቢወስደው፣ ሰውየው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ማዘርቦርዱ አልቆለታል፤ ሌላ ግዛ» ብሎ አሰናበተው። ጓደኛችንም ለታናናሾቹ ልብስ የተቀመጠውን ገንዘብ ሊለምን ወደ ቤተ ሰቡ ለመደወል ተነሣ።

እኛ ግን «ቆይ» አልነውና ካቻቢቴ ተውሰን ከፈትነው። ያገኘነውም የተቃጠለ ማዘርቦርድ ሳይሆን፣ የሙቀቱን መውጫ እንደ ጥጥ የደፈነ አቧራና በፕሮሰሰሩ ላይ እንደ በጋ ጭቃ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ቅባት ነበር። ጠረግን፤ አዲስ ቅባት ቀብተን ገጠምን። ላፕቶፑ ይኸው እስከ ዛሬ ይሠራል፤ አራተኛው ምዕራፍም ተጽፎ አለቀ።

ይህን የምንተርከው ሙያችንን ለማሞገስ አይደለም። ይልቁንስ የምናፍርበት ነገር ስላለን ነው። ስለ ሙቀት መተላለፍ በክፍል ውስጥ የተማርን፣ ቀመሩንም በቃላችን ይዘን ፈተና ያለፍን ሰዎች፣ የገዛ ዕቃችንን ጥቂት ብሎኖች መፍታት እንፈራለን። ለመሆኑ እጅ ያልደረሰበት ትምህርት ምን ይባላል?

ነገሩ እንዲህ ነው። ፕሮሰሰሩና ሙቀቱን የሚቀበለው የመዳብ ሳህን ለዓይን ልሙጥ ይምሰሉ እንጂ ገጻቸው በጥቃቅን ጉድጓድና ጉብታ የተሞላ ነው። ሁለቱ ሲነባበሩ በመካከላቸው አየር ይቀራል። ሙቀትን የማስተላለፍ ኃይላቸው በዋት ለሜትር ኬልቪን ሲለካ፣ መዳብ 400 ያህል ሲሆን አየር 0.026 ብቻ ነው። ተርማል ፔስት የሚባለው ቅባት የተፈጠረው ይህን አየር ለማስወጣት ነው። በገበያ የሚገኙት ደኅና ቅባቶች ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 12 ድረስ ይጻፍባቸዋል። እንግዲህ ቅባቱ ከአየር እጅግ የተሻለ፣ ከመዳብ ግን እጅግ ያነሰ ነው። የሙያው ሕግ ሁሉ ከዚህ ይወጣል፤ ቅባቱ የአየሩን ቦታ ይያዝ፣ በመዳቡና በፕሮሰሰሩ መካከል ግን ፍራሽ አይሁን።

በአዲስ አበባ ለምንማር ደግሞ ሌላ ምክንያት አለን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ስለምንኖር፣ የምንተነፍሰው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያውም እዚያው በሚሽከረከርበት ፍጥነት እዚህ ቢሽከረከር ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። የአገራችን ብርድ ቢያግዘንም ለደረቀ ቅባት የሚተርፍ ዕድል የለንም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በዚህ ነገር በመኝታ ክፍሎቻችን ክርክሩ ብዙ ነው። አንዳንዶች የጥርስ ሳሙና ይበቃል ይላሉ፤ በርግጥ እርጥብ ሳለ ይሠራል፤ ነገር ግን ውኃው ሲተን እንደ ኖራ ይደርቃልና ያው ልቅሶ ይመለሳል። ሌሎች ፈሳሽ ብረት ካልሆነ ይላሉ። እርሱ በጋሊየም የተሠራ ስለሆነ ሙቀት በማስተላለፍ የሚወዳደረው የለም፤ ሆኖም አሉሚኒየምን ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋልና አንዲት ጠብታ ብታመልጥ ያልሞተውን ማዘርቦርድ ትገድላለች። ለእኛ የሚበጀን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ተራ ቅባት ነው፤ አርክቲክ ኤምኤክስ-4 ወይም ኖክቱዋ ኤንቲ-ኤች1ን የመሰለ። አንድ ባለ 4 ግራም ቱቦ ለብዙ ላፕቶፖች ይበቃል። በደኅናና በውድ ቅባት መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው፤ በደረቀና በትኩስ መካከል ያለው ግን ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

አቀባቡም ከምርጫው ይበልጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነውና በእርጋታ ይሠራ። በቅድሚያ ኮምፒዩተሩ ይጥፋ፣ ገመዱ ይነቀል፣ የባትሪውም ማገናኛ ይላቀቅ። ብሎኖቹ በየቦታቸው ይለዩ። አሮጌው ቅባት ከ90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ይጠረግ። ምጣድ የምታሰስ እናት የጎመን ዘሩን በቁንጥር እንጂ በእፍኝ እንደማትጨምር ሁሉ ቅባቱም እንዲሁ ነው። በጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ ፕሮሰሰሩ የብረት ክዳን ስላለው፣ ከአተር ፍሬ ያልበለጠች ጠብታ በመካከሉ ትበቃለች፤ ግፊቱ ራሱ ያዳርሳታል። በላፕቶፕ ግን ፕሮሰሰሩ ብዙውን ጊዜ ያለ ክዳን ስለሆነ፣ ያልተቀባ ጥግ እንዳይቀር ገጹ በሙሉ በስሱ ይቀባ። በአጠገቡ ተርማል ፓድ የሚባሉ ለስላሳ ንጣፎች ካሉ በቅባት አይተኩ፤ የሚሞሉት ክፍተት ሰፊ ነውና። በመጨረሻ ብሎኖቹ በአንድ ጊዜ ሳይሆን በማዕዘን እየተሻገሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጥበቁ።

እርግጥ ነው፣ የጠፋ ኮምፒዩተር ሁሉ በቅባት አይነሣም። ዋስትናው ያላለቀውም ባይነካ ይሻላል። ሙያቸውን አክብረው የሚሠሩ ጠጋኞችም ብዙ ናቸው፤ እነርሱን አንነካም። የምንነቅፈው ሳይከፍቱ መፍረድን ነው፤ በዚህ ደግሞ ከጠጋኙ ይልቅ ተጠያቂው የተማረው ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። ሁለት ቱቦ ቅባት፣ አንድ ጠርሙስ አልኮል፣ አንድ ስብስብ ካቻቢቴ ይግዛ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ጠረጴዛ ይስጠን። የሚያውቀው የማያውቀውን ያስተምር፤ ባለ ዕቃው ግን በገዛ እጁ ይፍታ፣ በገዛ እጁም ይግጠም። ወጪው ከአንድ የመዝናኛ ምሽት ወጪ አይበልጥም፤ የሚያድነው ግን የወላጆቻችንን ላብ ነው። ጠረጴዛው ከተገኘ እኛ በመጀመሪያው ቅዳሜ ካቻቢቴያችንን ይዘን እንገኛለን። እናንተስ?