የጥማድ ወሰንና የተለዋዋጭ ወሰን፦ በምርት ጥናት ኮዶች ላይ የቀረበ አስተያየት

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አርሶ አደሩ ማሳውን በጥማድ ይለካል። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፣ በተለምዶ የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይወሰዳል። ሆኖም የአፈሩ ዓይነት፣ የመሬቱ ተዳፋትና የበሬው ጉልበት ስለሚለያዩ መጠኑ ከቦታ ቦታ አንድ አይደለም። ተመራማሪ ይህን ልዩነት በመስክ በጥንቃቄ ቢለካውም፣ ኮድ ሲጽፍ ሳያውቀው ሊያጠፋው ይችላል።

የስህተቱ ምንጭ የተለዋዋጮች ወሰን ነው። በፓይተን ከፋንክሽን ውጭ የተሰየመ ተለዋዋጭ ግሎባል በመሆኑ ፋንክሽኖች ሁሉ ሊያነቡት ይችላሉ፤ በፋንክሽን ውስጥ ዋጋ የሚሰጠው ግን ሎካል ነው፤ ከዚያ ፋንክሽን ውጭ አይታወቅም። ለምሳሌ በኮዱ መግቢያ ላይ የእስቴ ጥማድ 0.25 ሄክታር ተብሎ ተመዘገበ እንበል። ቀጥሎም የስማዳን መረጃ በሚያዘጋጅ ፋንክሽን ውስጥ ያው ስም 0.20 ተባለ። ፓይተን የቀድሞውን አይለውጥም፤ በዚያው ስም አዲስ ሎካል ተለዋዋጭ ይፈጥራል። ምርታማነትን የሚያሰላው ሌላው ፋንክሽን አሁንም 0.25ን ያነባል። በዚህም ከ4 ጥማድ 10 ኩንታል ያገኘ የስማዳ ገበሬ ምርታማነት በሄክታር 12.5 ኩንታል መሆን ሲገባው 10 ተብሎ ይመዘገባል። ኮምፒዩተሩም አንዳች የስህተት መልእክት አያሳይም።

ተለዋዋጩን በፋንክሽኑ ውስጥ «ግሎባል» ብሎ ማወጅ መፍትሔ ይመስላል። ይህ ግን ውጤቱን የፋንክሽኖቹ አጠራር ቅደም ተከተል ጥገኛ ያደርገዋል፤ ከስማዳ በኋላ የሚሰላው እስቴ በስማዳ ጥማድ ይሰፈራል።

የተሻለው መርሕ የተለዋዋጩን ወሰን ከመለኪያው ወሰን ጋር ማስማማት ነው። ኩንታል በየትኛውም ወረዳ 100 ኪሎ ግራም ስለሆነ ግሎባል ቢሆን አይጎዳም። ጥማድ ግን በባሕርዩ የአካባቢ ነው፤ በመሆኑም ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር በግብዓትነት ሊሰጠው ይገባል።

ጉዳዩ የኮድ አጻጻፍ ውበት ብቻ አይደለም። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ የምግብ እጥረት በተደጋጋሚ የሚፈትናቸው፣ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። እንዲህ ባለ አካባቢ የተዛባ የምርት አኃዝ የተዛባ የችግር ግምት ያስከትላል። ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎችና ፈታኞች ሰንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ሰንጠረዡን ያወጣውን ኮድም ሊመረምሩ ይገባል።