የነዳጅ ፖሊሲው አርቦዬም ይድረስ

በነዳጅ የሚሠራ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በመከልከል ኢትዮጵያን የቀደመ አገር የለም። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ውሳኔውን በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያስረዱ ያቀረቡት ምክንያት ግልጽ ነበር። አገሪቱ በአንድ ዓመት ብቻ ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አውጥታለች፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚጨርሱት ተሽከርካሪዎች ናቸው። ከክልከላው አስቀድሞም ገንዘብ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ ነበር። ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ሲጣል፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ምንም አይከፍልም ነበር። ሁለቱም እርምጃዎች ትክክል ናቸው፤ ወደኋላ መመለስም የለባቸውም። ነገር ግን ሁለቱም ያተኮሩት በአውቶሞቢሉ ላይ ነው፤ የገጠሪቱ ኢትዮጵያ ነዳጅ ግን የሚቃጠለው በሌላ ሞተር ውስጥ ነው።

የአርሲን ደጋ እንይ። በጀጁ ወረዳ በምትገኘው በአርቦዬ፣ በኢተያ፣ በአሰላ፣ በበቆጂ ናፍጣውን የሚጨርሰው የግል አውቶሞቢል አይደለም። ስንዴና ገብስ ጭኖ ወደ አዳማ የሚወርደው አይሱዙ፣ ገበያተኛውን የሚያመላልሰው ቅጥቅጥና ሚኒባስ፣ በመኸር ወራት ከማሳ ማሳ የሚዞረው ኮምባይነር ነው። አርሲ ከባሌ ጋር የአገሪቱ የስንዴ ጎተራ ነው፤ እህሉ የሚታጨደውም የሚጓጓዘውም በናፍጣ ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማው ቀስ በቀስ መነሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 48 ብር ገደማ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ፤ ናፍጣም 99 ብር ተጠጋ። ይህ ጭማሪ ባለመኪናው ኪስ ውስጥ አይቆምም። በኮምባይነር ኪራይ፣ በጭነት ዋጋና በመሳፈሪያ ታሪፍ አልፎ መኪና ኖሮት የማያውቀው ሰው ከሚገዛው ዳቦ ላይ ያርፋል። ስለዚህ አንድ አይሱዙ በመቶ ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር ይጠጣል የሚለው ጥያቄ የባለንብረቱ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ጉዳይ ነው።

ደጋው የራሱ ጣጣም አለው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ቆላ ላይ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ለገባው ነዳጅ የሚበቃ አየር አያገኝምና ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው ዳገት ላይ ያረጀ የጭነት መኪና ሲያጨስ የሚታየው ሾፌሩ ስለማይችል አይደለም፤ ባለቤቱ የከፈለበት ነዳጅ ሳይሠራ እየበነነ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይፈልግም፤ ከፍታው ጉልበቱን አይቀንሰውም። ቁልቁል ሲወርድም ፍሬኑ ከሚያባክነው ኃይል የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል። የቤንዚን ሞተር ከነዳጁ ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ከሩብ እምብዛም በማይበልጥበት ጊዜ፣ የኤሌክትሪኩ ከ70 በመቶ በላዩን ያደርሳል። በመቶ ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና በዚያ የገና ሰሞን ዋጋ ከ800 ብር በላይ ሲያስወጣ፣ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚወስደው የኤሌክትሪክ መኪና የአንዱ ዋጋ 10 ብር ተደርጎ ቢታሰብ እንኳ 180 ብር ይበቃዋል። የዚህን ልዩነት ጥቅም ከማንም በላይ ሊያገኝ የሚገባው ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣውና የሚወርደው የሕዝብ ማመላለሻ ነበር። ዛሬ የኤሌክትሪክ መኪናው ተከማችቶ የሚገኘው ግን አዲስ አበባ ነው።

አርሲ መንግሥት አዲስ ቴክኖሎጂ ሲያስገባ የሚሆነውን ከማንም ቀድሞ ያየ አገር ነው። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን ድጋፍ አሰላ ላይ ሥራ የጀመረው የጭላሎ የግብርና ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተቋቋመው አነስተኛውን ገበሬና ጭሰኛውን በምርጥ ዘር፣ በማዳበሪያና በብድር ለማገዝ ነበር። ምርቱ በእርግጥ ጨመረ። ይሁን እንጂ ትራክተር ያለ ቀረጥ በሚገባበት በዚያ ዘመን የስንዴውን ትርፍ ያየው ባለርስት ጭሰኛውን እያስለቀቀ መሬቱን በማሽን ማረስ ጀመረ። ሐሳቡ ለድሃው ነበር፤ የቀረጥ ነፃው ጥቅም የሄደው ግን ማሽን መግዛት ለሚችለው ነው። የካዱ ሰዎች ችግሩን ቢያዩትም የመሬቱ ሥሪት በእነሱ እጅ አልነበረም። የኤሌክትሪክ መኪና የታክስ ነፃነትም በዚያው መንገድ እንዳይሄድ መፍራት ተገቢ ነው። የታክስ ነፃነቱን የሚያገኘው አዲስ መኪና የሚገዛ ገንዘብ፣ ማቆሚያ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ያለው የከተማ ሰው ነው። መንግሥት የተወው ታክስ ግን የሁሉም ገንዘብ ነው፤ የአርቦዬ ገበሬም ድርሻ አለበት። የታክስ ነፃነቱ ይቅር አልልም፤ ክብደቱ ግን ከአውቶሞቢል ወደ ሚኒባስ፣ ወደ አውቶቡስና ወደ ጭነት መኪና ይዙር።

መንግሥት በዚህ ጉዳይ እጁን ባያስገባ ይሻላል፣ የነዳጅ መወደድ ራሱ ሰውን ቆጣቢ ያደርገዋል የሚሉ አሉ። በእኛ አገር ግን ነዳጁን የሚገዛው የመንግሥት ድርጅት ነው፣ የመሸጫ ዋጋውን የሚወስነው መንግሥት ነው፣ ዶላሩም የአገር ነው። መንግሥት የሌለበት የነዳጅ ገበያ የለንም። ዋጋ ብቻውን እንደማይበቃም ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል፤ ናፍጣ በእጥፍ ሲወደድ የአይሱዙው ባለቤት ሌላ የሚገዛው መኪና ስላላገኘ ያንኑ እየነዳ ጭማሪውን ለደንበኛው አስተላለፈ። ሊገዛ የወጣ ሰውም የትኛው መኪና ስንት እንደሚጠጣ የሚነግረው ወረቀት የለውም። የገበያ አገር የምትባለው አሜሪካ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1973 የነዳጅ ማዕቀብ ስትደነግጥ በ1975 በሕግ ለአምራቾች የቁጠባ ደረጃ አወጣች፤ በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ አዲስ መኪና በአንድ ሊትር የሚሄደው ርቀት ወደ እጥፍ ተጠጋ። እንደኛ መብራቷን ከውኃ የምታገኘው ኖርዌይ የታክስ ነፃነቱን ለአሥርት ዓመታት በመያዟ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተሸጡት አዲስ መኪኖች 89 በመቶ ያህሉ ኤሌክትሪክ ነበሩ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው። ግማሽ ያህሉ ሕዝብ መብራት በሌለውና ያለውም በሚቆራረጥበት አገር የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ማውራት ቅንጦት ነው ይባላል። ይህ ሥጋት እውነት ስላለው በቀላሉ መታለፍ የለበትም። ግን ችግሩ ኃይል የማመንጨት ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት አቅም አለው። እዚያው አርሲ ውስጥ፣ ኢተያ አጠገብ፣ በዴንማርክ ብድርና ዕርዳታ የተገነባው የአሰላ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 29 ተርባይኖችና 100 ሜጋ ዋት አቅም አለው። የጎደለው ማከፋፈያ መስመር፣ ትራንስፎርመርና ቻርጀር ነው። ተርባይኖቹ በሚታዩበት በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሚኒባስ በጂቡቲ ወደብ የገባ ነዳጅ እያቃጠለ ይሄዳል። ሌሊት፣ የኃይል ፍላጎት በሚቀንስበት ሰዓት፣ በመናኸሪያ ቻርጅ የሚያደርጉ ሚኒባሶች ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ቋሚ ከፋይ ደንበኛ ይሆናሉ፤ እንዲህ ያለ ደንበኛ ደግሞ መስመሩን ለማጠናከር ምክንያት ይሆናል እንጂ መብራት ያልገባለትን ቤት ወረፋ አይነጥቅም።

ኮምባይነርና ረጅም መንገድ የሚሄድ የጭነት መኪና በቅርቡ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ ብዬ አላምንም። የቁጠባ ደረጃ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ናፍጣ ማቃጠሉ ካልቀረ በትንሹ ያቃጥል። ኢትዮጵያ ለዓለም የምትለቀው ጭስ ኢምንት ነው የሚለው መከራከሪያም እዚህ ቦታ የለውም። ለነዳጅ የሚወጣው ዶላር ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና መለዋወጫ የሚገዛበት ዶላር ነውና። የሚያሳስበኝ ይልቅ የመንግሥት ጽናት ነው። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣ ኢታኖል ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ መቀላቀል ተጀምሮ ወደ 10 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ የኢታኖሉ አቅርቦት ስላልተከተለው ሳይዘልቅ ቀረ። ደንብ አውጥቶ አቅርቦቱን መርሳት አሁንም ሊደገም ይችላል።

ስለዚህ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ወደ አገር ለሚገባ ለእያንዳንዱ የጭነት መኪና፣ አውቶቡስና የእርሻ ማሽን የነዳጅ ፍጆታ ጣሪያ ያውጣ፤ ጣሪያውም ነጋዴው አስቀድሞ እንዲዘጋጅ በታወቀ ጊዜ እየጠበበ ይሂድ። ፍጆታው በመሸጫው ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ለቦሎ የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራ ጭስንና የነዳጅ አቃጠልን በእውነት ይለካ። ያረጀ ሚኒባስ አስረክቦ በኤሌክትሪክ ለሚተካ ማኅበር የረጅም ጊዜ ብድር ይመቻች። ከአዲስ አበባ ውጭ የሚተከሉ ፈጣን ቻርጀሮች በመጀመሪያ በመናኸሪያዎች ይቁሙ፤ ከአዳማ በኢተያ አድርጎ አሰላና በቆጂ የሚዘልቀው መስመር ለመጀመር ይመቻል፤ አርቦዬን የመሰሉ የወረዳ ከተሞችም በዚያው ዕቅድ ውስጥ ቀናቸው ተቆርጦ ይጻፍ። የአርሲ ዞን ተወካዮች የሚቀጥለው በጀት ምክር ቤት ሲቀርብ ይህን ስሙን ጠርተው ይጠይቁ።